ጭነቱ ሲራገፍ

ሰኞ ነው፣ ባቲ ነው፣ ገበያው ደምቋል፤
አይሱዙዬ ቆሞ ሽንኩርት ይራገፋል።
ወዛደር ጆንያውን ከኋላ ሲገፋ
እጄ መሪ ይዞ ወደ ፊት ተገፋ፣
ሳላዘው።
ረዳቴ ይስቃል፦ «ጋሼ፣ ቆመናል እኮ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?»

በምን አፌ ልንገረው?
አንቶኖቭ ጭነቷን ከጅራቷ ስትጥል
አፍንጫዋ ይነሳል፣ ሰማይ ልትወጋ ይመስል።
ስልሳ ቶን ተሸክማ፣ በአራት ሞተር ጩኸት፣
ደብረ ዘይት ላይ ጎማዋን መሬት አልለቅ ሲላት
መሪዋን ለሁለት ነበር የምንስባት።
እንደ ሽማግሌ ዳኛ ናት፤ ቀስ ብላ ትሰማለች፣
አንዴ ከፈረደች ወዴት ትመለሳለች?
ክንፏን ልታዘነብል እግርህ ቀድሞ ያስባል፣
እጅህ ይከተላል፣
መልሷ እስኪመጣ ሌላ ጥያቄ ይደርሳል።

በሰባ ሰባት ስንዴ ጫንኩባት።
ኮምቦልቻ፣ ከተራራው ብብት ስር፣ አቧራ ላይ አሳረፍኳት፤
ቆመው የሚያዩን ሰዎች ከጥላቸው ይቀጥኑ ነበር።

ከዚያ ሌላ ጭነት መጣ።
ኩንታሉ ያው ኩንታል፤ ሚዛን አይጠይቅም፣
ስንዴ ይሁን ብረት ስም አይመዘግብም።
ቦምብ ጣይ ሆና አልተሠራችም ነበር፤
እኛ ነን የኋላ በሯን ከፍተን፣ በእንጨት ሀዲድ ላይ
እያንከባለልን ያስተማርናት።

የሚያንከባልለው ሃምሳ አለቃ አሊጋዝ ነበር፣
የሐይቅ ልጅ፣
ወገቡን በገመድ ከብረቱ አስሮ።
ያን ቀን ደመናው ከሥራችን ድፍን ብሎ
በጆሮ ማዳመጫው መጣ ድምፁ፦
«ሻምበል፣ የት ላይ ነን?»
ከፊቴ ደመናው ተቀዶ ነበር፤
ውሃው ይታየኛል፣ ውሃው ውስጥ የገባው ገዳም፣
የዛፎቹ ጫፍ ሳይቀር።
«ከሐይቅ ሩቅ ነን» አልኩት።
«እሺ» አለ።

ጅራቷ ቀለለ። አፍንጫዋ ተነሳ።
መሪውን በሁለት እጄ ወደ ፊት ገፋሁት፣
ሚዛን ማስተካከያውን አሽከረከርኩት፤
ቀጥ አለች።
እንዴት ያለ ቀጥታ!
በልቤ «ጎበዝ» አልኳት። እሷን ይሁን ራሴን፣ እንጃ።

ስናርፍ አሊጋዝ መሰላሉ ላይ ጎንበስ ብሎ
የጫማውን ክር እያሰረ ብዙ ቆየ።
ክር የሌለው ጫማ ነበር።

አሁን ሽንኩርቱ አለቀ፤ ሸራውን ጠቀለልን።
«ጋሼ፣ ከደሴ ሐይቅ የሚሄድ ሲሚንቶ አለ፣ ዋጋው ደህና ነው።»
«መንገዱ አይመቸኝም።»
«አስፋልት እኮ ነው!»
ሞተሩን አስነሳሁ።
ባዶውን መኪና ይዘን የገርባን ጠመዝማዛ ስንወጣ
ረዳቴ እንቅልፍ ወሰደው፤
እኔ መሪውን ወደ ፊት ጫን አድርጌ፣
ጫን አድርጌ።