ከውሃ በታች ያለ ውሃ

በሚያዝያ ነው የሚኬደው፣
ግድቡ ውሃ ሲያጣ፣
ሐይቁ ወደ መሀል ሸሽቶ
ጭቃው ለፀሐይ ሲወጣ።

ከጅማ መነኸሪያ ተነሣን፤ ረዳቱ ድምፁ ሰልሎ
«ሰርቦ! አሰንዳቦ! ደነባ!»
አክስቴን ከፊት አስቀመጣት፣ «ጉልበቷን ታማለች» ብሎ።
«ጉልበቴስ ደህና ነበር፣ መንገዳችሁ ነው የሰበረው፤»
ሾፌሩ ሳቀ፣ ሂሳቡን ግን አንድ ብር አልቀነሰው።

አክስቴ ሰኪና አባጀበል ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤
ዓይኗ ብርሃንና ጥላ እንጂ ሰው ከሰው አይለይም፣
የሚዋሽ ሰው ግን ከትንፋሹ ታውቃለች።
መንገዱን ሁሉ አንድ ፌስታል ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን ይዛለች፦
አምስት የዶሮ እንቁላል፣ በወረቀት የተቋጠረ ጨው፣
ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ ተከራክራ የገዛችው።

ከደነባ በባጃጅ፤ ባጃጁ ሲያቅተው በእግር።
ዝናብ ያሳደገን ነን እኛ፣ በረሃን በወሬ የምናውቅ።
ዙሪያው ተራራ ለምልሟል፤ መሀሉ ግን ሌላ አገር፣
መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ፣ ስንጥቁ የሚውጥ እግር፤
የዓሣ አጥንት፣ የአንድ ወገን ኮንጎ ጫማ፣
ነፋሱ የሚነካው ቅጠል አጥቶ፣ ቢነፍስ እንኳ የማይሰማ።

«እዚህ ነበር ሰፈራችን» አለች አገጯን አቅንታ፣
«እዚያ የአባ ፊጣ በረት፣ እዚያ የመስጊዱ ቦታ።
ግድቡ ሲመጣ ለቀቅን። ለቤቱም ለዛፉም ከፈሉ፣
ወደ ፍል ውሃው ሲደርሱ፣ ‹ይሄስ የማን ነው?› አሉ።
የሁላችን ነው አልናቸው።
ቅጹ ላይ ግን ለሱ የሚሆን መስመር አልነበረም።»

የአጎቴ ልጅ ነጂብ ካርታ ከፈተ በስልኩ፤
የቆምንበት ሐይቅ ነው፤ ሰማያዊ ብቻ ነው መልኩ።
በካርታው ከሰመጥን ቆይተናል።

ሰኪና ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋን ከተተች ኪሷ፣
ዱላዋን ለእኔ ሰጠችኝና ሄደች፣ ብቻዋን እሷ።
አሥር እርምጃ። ቆመች። ወደ ግራ ሦስት፤ ተመለሰች፤
ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚነካ መዳፍ
በውስጥ እግሯ ምድሩን ዳሰሰች።
«እዚህ ይበርዳል… እዚህም… ቆይ፣ ዝም በሉ ልጆች፣ ዝም…»
እግር ደግሞ ጆሮ አለው እንዴ፣ ብንጮህ ባንጮህም?

ከዚያ አውራ ጣቷ ታጠፈ።
ነጂብ በአካፋው ክንድ ያህል እንኳ ሳይቆፍር
እንፋሎት ፊቱን ገረፈ።
ድኝ ድኝ የሚሸት፣ የአሮጌ ሳንቲም ጣዕም ያለው፣
ያን ሁሉ ዓመት ከሐይቁ ሥር ለራሱ ሲፈላ የኖረ ውሃ።

ነጂብ ጀርባውን ሰጥቶን ራቅ አለ።
ልብሷን አወለቅኩላት፣ እስከ ወገቧ ገባች፣
በጣሳ ትከሻዋ ላይ አፈሰስኩ።
ታለቅሳለች ብዬ፣ ወይ ዱዓ ታደርጋለች ብዬ
ዝም ብዬ ስጠብቅ፣
«እንቁላሉን አምጪ» አለችኝ።

በካልሲዋ ከታ፣ አፉን ቋጥራ፣ ወደሚንተከተከው ሰደደችው፤
ብዙ ጠበቅን። ስትልጠው ነጩ ገና ይንቀጠቀጣል፣
አስኳሉ በጣቷ መሀል ፈሰሰ።
«ድሮ እስከ ልቡ ነበር የሚያበስለው» አለች፤
«ምን ያድርግ፣ ያን ሁሉ ቀዝቃዛ ተሸክሞ!»
ጨው ነሰነሰችበትና በላችው።
ሁለተኛውንም።

ማታ ስንመለስ ያው ሾፌር ነው፤
እርጥብ ካልሲዋ መስኮቱ ላይ ይወዛወዛል።
«ተሻለዎት እማማ?»
«እኔስ ደህና ነኝ። መንገዱ ነው ያልተሻለው።»

አሁን ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያድራል።
ሲነጋ ትደውላለች፦ «ሞላ?»
«ሞላ» እላታለሁ።
ትንሽ ዝም ትላለች፤ መስመሩ ላይ ዝናቧ ይሰማኛል፣
እሷ ቤት የሚዘንበው።
ከዚያ እንቁላል ስንት እንደገባ ትጠይቀኛለች።