አሳማኝ

አሳ ነው የምሸጠው፣ ከሽምብጥ ወረድ ብሎ፣
ሚዛኔ ከዋርካው ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ።
አፌ ግን ከሚዛን ቀድሞ ነው የሚነሣ፤
ሰው ሳይጠጋኝ ገና ስለፍፍ፣ ሳወሳ፦
«ቀረሶ! አምባዛ! አሁን የወጣ!
ነገ ይቆጨዋል ዛሬ ያልመጣ!»
ለባጃጅ ነጂ፣ ለባንክ ዘበኛ፣
ለተማሪ፣ ለቄስ፣ ለማያውቀኝ መንገደኛ
ማስረጃ ስደረድር፣ ስምልና ስገዘት፣
አሳው ጠወለገ፣ ዝንብም ሰፈረበት።

አንዱን ሰው በክርክር ረታሁት፣ ስለ ዋጋ፤
ተረትቶ ሄደ። አሳው ከኔው ጋር አነጋ።

«አሳማኝ» መባል ነበረ ምኞቴ፤
ከቃሉ «አሳ» ብቻ ቀረልኝ ከፊቴ።

ከጎኔ ባንቺአምላክ፣ ዝምተኛ፣ ቃል ቆጣቢ፣
«ና» አትል አላፊን፣ አትልም «ቅረቢ»።
ሲጠጓት ብቻ ነው የምትለው፦ «ለማን ነው?
ለልጅ ከሆነ ይቅር፤ ይሄ እሾኹ ብዙ ነው።
ያኛው የትናንት ነው።» ይህን ብላ ዝም ትላለች።
ረፋድ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሚዛኗን ታጥባለች።
እኔ ግን ሳቅኩባት፤ «ሞኝ ነጋዴ» አልኩ፤
ምስጢሯን እስከዚያች ማታ አልጠረጠርኩ።

የአባቴ ስም ይታያል። ለይታያል ግን አይታየውም፤
ሞራ ጋርዶበታል ሁለቱንም፤ ታንኳን አይለየውም
ከጉማሬ ጀርባ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ተሟገትኩት፦
«ሃያ ደቂቃ ነው፤ አያምም» እያልኩት፣
«የጥጋቤ እናት ዛሬ ክር በመርፌ ታሾልካለች!»
«ታሾልካ።»
«ሐኪሙ እኮ...»
«ተወኝ።»
«ፈለገ ሕይወት ቅርብ ነው፣ ባጃጅ...»
«ተወኝ አልኩህ፣ ተወኝ!»
ድምፄን ከፍ ባደርግ እሱ ዝቅ አለብኝ፤
ባሸነፍኩት ቁጥር ጋቢውን ተከናንቦ ዞረብኝ።

አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ መረብ ስንጠግን
(እሱ ዓይን አይሻም፤ ጣቱ ያውቃል ቋጠሮውን)
ስጮህ ውዬ ነበርና ድምፄ ተዘግቶ፣
ክርክሬ ሁሉ ከጉሮሮዬ ቀርቶ፣
የጎረቤቴ «ለማን ነው?» ድንገት ትዝ አለኝ።
እኔ ይህን ሁሉ የምለፈልፈው፣ ለማን ብዬ ነው? ለእሱ ነው ወይስ ለኔ?
በሹክሹክታ፣ በተሰበረች ድምፅ፦
«አባዬ፣ ምኑ ነው የሚከብድህ?»

ዝም አለ። እኔም ዝም።
ከዓባይ አፍ በኩል ጉማሬ አጓራ።
ሦስት ቋጠሮ ቋጠረ። አራተኛውን ፈታ።
«ያ ግድግዳው ላይ ያለው...» አለኝ በዚያች ማታ፣
«አንብብ ይላሉ አሉ። ነርሶቹ ልጆች ናቸው።
ሀ ሁ አልቆጠርኩ እኔ፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ሦስት ዓመት ስለ ስለት፣ ስለ ሕመም ነው የሰበክኩት፤
ለካ ፊደል ኖሯል የፈራው፤ ዕውሩ እኔ፣ ያላየሁት።

ምላሴ ልትሮጥ ስትል በጥርሴ ያዝኳት፤
እንደ መረብ ክር ቀስ አድርጌ ሳብኳት፦
«ፊደል አይደለም አባዬ። መንሽ የመሰለ ሥዕል ነው፤
ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በጣት ነው የሚጠቆመው።»
«በጣት?»
«በጣት።»
መረቡን አጠፈ፣ ተነሣ በቀስታ፤
«ሰኞ ነው ወረፋው?» አለኝ፣ ከበሩ ቆሞ ለአፍታ።

አሁን ዋርካው ሥር ከጎኔ ይቀመጣል፣
ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፤
እምቦጩን ይረግማል፣ ጀልባ ይቆጥራል፣
የሰውን ፊት ያያል፣ አንድ በአንድ፣ እንደ አዲስ ገንዘብ።
ትናንት ደንበኛ መጣ። ልለፍፍ አፌን ስከፍት፣
አባቴ ዘንበል ብሎ አሳዬን አየና
«ይሄ የትናንት ነው» አለው።
ሰውየው ሳቀ። ከዛሬው ሁለት ኪሎ አስመዘነ።
ባንቺአምላክ ሚዛኗን እያጠበች ቀና ብላ አየችኝ።

ምን ልበል?
ይታያል።