ስርዝ ድልዝ

«ስርዝ ድልዝ ያለው ወረቀት አይጸናም»
ይላል መመሪያው፤ ማህተምም አያገኝም።
ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣
ሰርዤ አላውቅም፤ ኩራቴ ነው ጽዳት።

ቻግኒ፣ ሚያዝያ ነው፤ ቆርቆሮው ይግላል፣
የእህል መጋዘኑ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል።
ከበሩ ማዶ ማንጎው ፍሬውን ይጥላል፤
በወደቀ ቁጥር ሊቀመንበሩ ቢምረው ይደነግጣል።

አጀንዳው አንድ ነው፦ ቦኖው የት ይተከል?
ከገበያው አጠገብ? ከትምህርት ቤቱ መሐል?
አቶ ሽባባው ተነሡ፣ ባዊኛ አማረሩ፤
ነጋዴዎቹ ባማርኛ ዋጋ ቆጠሩ።
ከኋላ፣ ከጆንያው ክምር ላይ ተቀምጠው
ከዱራ ማዶ የመጡት ግን ዝም ያሉ ናቸው።

እጅ ሊወጣ ሲል አንዲት ሴት ተነሣች፤
በመዝገቤ ላይ ስም የላት፣ «የጋርዳ ሚስት» ነች።
በጉሙዝኛ ጀመረች፣ በቀስታ፣ ተረጋግታ፣
ጣቷን አንድ ባንድ አጥፋ፣ ደግሞም ዘርግታ።
ሩብ ሰዓት።
አንድ የማር ነጋዴ ወዳዊኛ ወሰደው፤
አንድ የእድር ዳኛ ወዳማርኛ መለሰው፤
ሁለት ወንዝ ተሻግሮ ብዕሬ ጋ የደረሰው
አንዲት ቃል ነበረች፦
«ትስማማለች።»

«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍሁ። ምን ገዶኝ!
እጁ ሁሉ ወጥቷል፤ ቆጠራም አልሳተኝ።
«ሃ» ብሎ ቢምረው ማህተሙን አሟሟቀ።
ከቆመችበት ግን እግሯ አልለቀቀ።

«ሩብ ሰዓት ተናግራ፣ አንዲት ቃል ብቻ?» አልሁ።
ድምፄ እንዴት እንደወጣ እኔም አላወቅሁ፤
ጸሐፊ ይጠይቅ የሚል መመሪያ የለም።
የማር ነጋዴው ላቡን ጠረገና
«ረዝሞብኝ እኮ ነው… ልበለው እንደገና።»

«ቦኖው የትም ይሁን፤ እግር አለኝ፣ እሄዳለሁ።
ገበያም ቢተከል መጥቼ እቀዳለሁ።
ከጧት ጀምሬ ስሰማ ማንም ያላነሣው
የቁልፉን ነገር ነው። ማነው የሚይዘው?
ስንት ወር ይይዛል? ሲያልቅ ለማን ይሰጣል?
ተቆጥቶን ቢዘጋስ፣ አቤት ብንል ማን ይሰማል?
ሲመሽ የደረሰ፣ ቋንቋችሁን የማያውቅ፣
በምን አፉ ለምኖ ነው ውሃው የሚለቀቅ?»

ዝም አለ መጋዘኑ።
አንድ ማንጎ ወደቀ።
ቢምረው እንኳ አልደነገጠም።

አቶ ሽባባው ጋቢያቸውን አጣፉ፦
«ስለ ቤቱ ስንሟገት ተረሳን ደጃፉ!»

ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቅጭቅ ነው፣ እስከ ማታ።
«ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት ቁልፍ!» አለ አንዱ በደስታ።
«ሦስት ያዥ ያለው ቁልፍ ይዝጋል በይሉኝታ»
አለ ሌላው። የቱ እውነት እንደሆነ
ዛሬም አልለየሁም።
ስድሳ አንድ ለሠላሳ ስምንት ሆነ፦ ቁልፉ
በየሦስት ወር ይዙር። የተሸነፉ
ሰዎችም ከነምክንያታቸው ተጻፉ።

«በሙሉ ድምፅ» ያልሁትን በቀይ ሰረዝሁት፣
ከጎኑ ፈረምሁበት።
ቢምረው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣ፤
«ይህ እንዴት ይጸናል?» አለኝ።
አልመለስሁለትም። ቆይቶ፣ ቆይቶ
ማህተሙን አሳረፈው፣ ትንሽ አጣምሞ።

ሴትዮዋን ከማንጎው ሥር ደረስሁባት። «ስምሽን ንገሪኝ።»
ነገረችኝ። አንዱን ድምፅ ግን የሚሸከም ፊደል ቸገረኝ፦
ከ«በ» የጠለቀ፣ ከ«ጰ» የለዘበ፣
ወደ ውስጥ የሚዋጥ፣ ከንፈር የገደበ።
ከሀ እስከ ፐ በልቤ ሄጄ ተመለስሁ፣
የሚቀርበውን መርጬ ጻፍሁ፣ አነበብሁላት።
ራሷን ነቀነቀች። ደገመችልኝ።
ሰረዝሁ፣ ጻፍሁ።
ደገመችልኝ።
ሰረዝሁ፣ ጻፍሁ።
«ቀርቧል» አለች፣ ባማርኛ፤
«ግን ገና ነው።»