ባዶ ክብ

ካፖርት ገበር ስፈታ፣ ኮሌታ ሳላቅቅ፣
አራዳ ካለው ሱቄ፣ ከሲንጀሬ ስር የምትወድቅ፣
ቤሳ ናት፣ አላድ ናት፣ ተሙን ናት፣ መሐለቅ።
አርባ ሰባት ዓመት ለቀምኩ፣ ቋጠርኩ በጨርቅ።

አትጠገብ ትስቃለች፦ «ሰው ቤሳ ቤስቲን ሲያጣ፣
ቤሳ የሞላው ደሃ ከየት አገር መጣ?»

ሣጥኔን በከፋይ ለብጬ፣ ለሁሉም ክብ ስፍራ
ሰጥቻለሁ። አንዷ ባዶ ናት፤ የዚያች የጠገራ።
በሰባ ሰባት ክረምት ልጄን ወባ ጥሏት፣
ኪኒን ሆነች ብሬ።
ልጄም ዳነች፤ ይኸው ሦስት ልጆች አሏት።
ክቡ ግን ዓይኑ እንደፈጠጠ፣ ዛሬም እንደናፈቃት።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ፣ ከአንጥረኛው እንየው ከሰል ዳር፣
አየኋት። አውራ ጣቴ ምስክር፦
ጉንጯ ላይ የጥርስ ጫፍ፣ ትከሻዋ ላይ ዘጠኝ ፈርጥ፣
ያችው ናት፤ የብር ፊት እንደ ሰው አይለወጥ።

ለሰው ሳወራ፦ «ተውኳት፤ የልጄ ቤዛ ናት» እላለሁ።
ውሸቴን ነው። እስኪመሽ ተከራክሬያለሁ።
በመቶ ብር ተጣላን፤ እሱ አልቀነሰ፣ እኔም እልኸኛ፤
ሰኞ ማለዳ መቶዋን ጨብጬ ብሄድ ወደ አንጥረኛ፣
ወናፉን ሳያቆም፦
«መስቀል ሆናለች» አለኝ።

አሁን ቀሃ ኢየሱስ ቅዳሴ ሲወጣ፣
ከደጁ ቆሜ የሴቱን አንገት እቃኛለሁ፤ ማን ቀረ፣ ማን መጣ።
አትጠገብ በክርኗ ትጎሽመኛለች፦ «በዚህ ሽበትህ?»
ሳንቲም ነው የምፈልገው ብላት፣
ማን ያምነኛል?