አጠፋ

ሐምሌ ነው፤ ቺሎዌ ደሴት፤ ዝናቡ አግድም ይመታል፤
የመኪና ጀልባው ደርሷል፣ መወጣጫው ተዘርግቷል።
ቀይ መብራት አለች ከምሰሶው፣ አውራ ጣት የምታህል፤
ከበራች፣ «ገመዱ ላልቷል፣ ማንም አይውረድ» ማለት ይሆናል፤
ከጨለመች ሰላም ነው፤ «መኪናው ይለፍ» ይባላል።

ጨለመች።
ኤሌውቴሪዮ ናዌልኪን፣ በባሕር ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
«ና» አለ በእጁ፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ሌላው ሌሊቱ።
የሮሴንዶ መኪና፣ በረዶና ዓሣ እንደ ጫነ፣
ግማሹ ብረቱ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ ሆነ፤
ከዚያ ውኃው።
ገመዱ አልታሰረም ነበር።
መብራቷም ሰላም ብላ አልነበረም የጨለመች፤
አምፖሏ ተቃጥላ እንጂ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ መስመር ታዘዝኩ፤
«ሠራተኛው አጠፋ፣ ብለህ ዝጋው።»
«አጠፋ» ላይ ስደርስ ብዕሬን ያዝኩ።
መብራት ጠፋ እንላለን፤ ሰው አጠፋ እንላለን፤
ሥራቸው አንድ ነው፤ አንዱን ስንጽፍ ሌላውን እናጠፋለን።

ጠየቅኩት። አልሸሸም።
«እጁ የእኔ ነው» አለ። «ገመዱ ከእግሬ ሁለት እርምጃ ነበር፤
ዞር ብዬ ብነካው ኖሮ! አልነካሁም። ይህን ጻፍ።
የሌላውን ግን በእኔ ላይ አትጻፍ።»

የጥገናውን መዝገብ ገለጥኩ።
በመጋቢት፣ በእሱ ጉልህ ፊደል፦ «አምፖሏ ልትቃጠል ነው፤ ትቀየር።»
በሚያዝያ፦ «ትቀየር።»
በሰኔ ቃልም አልጨመረ፤ ቀይ ክብ ብቻ ስሎ ነበር።
ከሦስቱም ሥር፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ማኅተም፦ «ታይቷል።»
በምን ብርሃን?

ኦቲልያ፣ የሮሴንዶ ሚስት፣ ከጉባኤው ፊት ተቀምጣ፣
የባሏን የጎማ ጫማ በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፦
«ይህን ሰው ብትሰቅሉልኝ፣ ነገ ማን ያስርልኛል ገመድ?
ልጄም በዚሁ ጀልባ ነው ትምህርት ቤት የሚሄድ።
ይቅር አላልኩም። ገና ነኝ። ምናልባትም አልልም።
ግን ማኅተሙን የያዘው እጅ ዛሬ እዚህ የለም።»

ለእጁ የእጁን ጻፍኩ፣ ለማኅተሙ የማኅተሙን፤
ገመዱን ያልነካው ሦስት ወር ከጀልባ ይውረድ፤ ሲመለስ አዲሶቹን ያስተምር፤
«ታይቷል» ያለውም፣ ምን እንዳየ፣ በስሙ ወጥቶ ይናገር።

ዘገባው በመስከረም ተመልሶ መጣ።
ከራስጌው፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም፦ «ታይቷል።»

የተቃጠለችውን አምፖል ከወረቀቱ ጋር አስሬ፣
መልሼ ላክሁት።