ወርቁ ከሰሙ ጋር

ግዳንስክ ወደብ ዳር፣ ፎቁ ላይ፣ አራተኛ፣
ከጣሪያዬ በላይ ይኖራል አንድ ዳኛ፤
የሰው ዳኛ አይደለም፣ በድምፅ ነው ፍርዱ፣
ጆሮው ነው ሚዛኑ፣ ጆሮው ነው መንገዱ።

ቴዎፊል ይባላል።
አርባ ዓመት ሙሉ መርከብ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣
ሽቦ ሲዘረጋ በጨለማ ዳብሶ፣ በጣቱ ለይቶ፣
“ይህ መዳብ፣ ያ ቆርቆሮ የነካው” ሲል ኖሮ
ጡረታ ሲወጣ ሆኖ ቀረ ጆሮ።

አምፕሊፋየር አለው፣ እንደ ምድጃ የሚሞቅ፣
ሸክላ ማጫወቻ፣ መርፌዋ ከጠጉር የምትረቅ፤
ማታ እሱ ሸክላ ሲያዞር ጄኖቬፋ ሚስቱ
ካልሲ ትጠግናለች፣ አምፖሉ ሥር፣ ከፊቱ።

አንድ የኅዳር ማታ በሬን አንኳኳና
“እጅህ ያስፈልጋል” አለኝ፣ “ውጣ፣ ቶሎ ና!”
ወጣሁ።
እባብ የመሰለ ኬብል ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣
ቆዳው ጥቁር ሐር ነው፣ ጫፉ ወርቅ ተቀብቷል።
የጀልባውን ሞተር ሸጦ የገዛው ነው፤
“ሽቦ አትበለው” አለኝ፣ “ለድምፅ የተከፈተ በር ነው።”
“ለዚህ ዓሣ ቀረብን” አለች እሷ፣ ካልሲዋን ሳትለቅ፣
“ዓሣስ ይበላል እሺ፤ እንደምን ይበላል ወርቅ?”

እሱ ግን ተጠራጣሪ ነው፤ ራሱንም አያምን።
“ዓይኔ ካየው ዋጋውን፣ ያባብልብኛል ጆሮዬን።
ስለዚህ አንተ መጋረጃው ጀርባ ትቆማለህ፣
አሮጌውን ወይ አዲሱን፣ እንዳሻህ ትሰካለህ፣
እኔ እፈርዳለሁ፤ አንተ ትጽፋለህ።”

ቆምኩ። አቧራ ሸተተኝ፣ የሞቀ ብረት ጠረን።
ያችው ሸክላ ዞረች፦ ሴት፣ ፒያኖ፣ ሦስት ቫዮሊን፤
ስሰካ፣ ስነቅል፣ ስሰካ፣ ስነቅል፣
እሱ ከወንበሩ “አሮጌው” ሲል፣ “አዲሱ” ሲል፣
አንዱን ያገኛል፣ አንዱን ይስታል፤
እርሳሴ በጨለማ ይጽፋል፣ ይሰርዛል።

ሰባተኛው ላይ ጉልበቴን ቁርጥማት ነዘረኝ፤
አሮጌውን ልሰካ ጎንበስ ስል አንድ ነገር ታየኝ፦
የግራው ቀዳዳ ከንፈሩ አረንጓዴ፣ ዝጎ፣
የስንት ዓመት ድምፅ በጥርሱ ነክሶ፣ ሸሽጎ።
መሀረቤን አወጣሁ፤ እንትፍ አልኩበት፤
ጠረግሁት። ያንኑ አሮጌ ሽቦ መልሼ ሰካሁበት።

ከዚያ
ዝም አለ ቴዎፊል።
መዝፈን ሳትጀምር ሴቲቱ ትንፋሿን ስትስብ ተሰማ፣
ፔዳል ሲረግጥ ተሰማ የፒያኒስቱ ጫማ፤
ጄኖቬፋ ቀና አለች፣ “ማን ገባ?” አለች ተገርማ።

“አዲሱ! አዲሱ ነው! አትንካው፣ ይቁም እንዳለ!”
ልናገር ያልኩት ቃል ከአፌ ሸሸ፣ ኮበለለ።
ዋሽቷል አትበሉ፤ ሰምቷል፣ በደንብ ሰምቷል፤
የሰማው እውነት ነው፤ ስሙን ብቻ ተሳስቷል።
ለሞተሩ ስል ዝም አልኩ፤ ለጀልባው፣ ለበጋው ስል።
(ወይ ደግሞ ለራሴ፤ ይህን ግን ለማን ልበል?)

ወርቁ መጋረጃው ሥር እንደተጠቀለለ ቀረ።
ጄኖቬፋ ቤት ስትጠርግ አገኘችው።
ደረጃው ላይ ቅዳሜ አየችኝ፣ አየኋት፤
ምንም አላለችኝ። ምንም አላልኳት።
ወስዳ ከተተችው ከማድ ቤት መሳቢያ፣
ከሻማዎቹ ጋር፣ እንደ ተራ መጠቅለያ።

ሦስት ክረምት አለፈ። እንግዳ በመጣ ቁጥር
ቴዎፊል ስለ ወርቁ ሲያወራ፣ ሲመሰክር፣
እኔ ሥር ቤት ሆኜ፣ በጣሪያዬ በኩል
ባሱ ብቻ ይደርሰኛል፣ ዱም፣ ዱም ሲል።

ዘንድሮ በጥር ዐውሎ መብራት ጠፋ በሰፈሩ።
ሻማ ልዋስ ወጣሁ። ክፍት ነበር በሩ።
ቴዎፊል በጨለማ መሳቢያውን ይዳብስ ነበር፤
እጁ ቆመ።
እኔም ቆምኩ፣ በሩ ሥር።
ያ ጣት፣ በመርከብ ሆድ ሽቦ ሲለይ የኖረ ጣት፣
በሐሩ ቆዳ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ጫፏን፣ ወርቋን ነካት።
ለስንት ጊዜ? እንጃ። ዝናቡ መስኮት ይደበድባል፤
ጄኖቬፋ ከሶፋው ስታስል ይሰማል።

ከዚያ ሰሙን አወጣ፤ ወርቁን መልሶ ዘጋ።
ለኮሰ፤ አየኝ። “ግባ” አለ፣ ድምፁ እንደወትሮው የረጋ።

መብራቱ ሲመለስ፣ አምፕሊፋየሩ ሲሞቅ፣
ያችን ሸክላ አዞረ፣ በጣቱ ሲጠነቀቅ።
ሴቲቱ ትንፋሿን ሳበች።
“ትሰማላችሁ?” አለ።
ሻማውን ያጠፋ የለም፤
ሰሙ ጠረጴዛው ላይ ሲወርድ፣ ጠብ፣
እሱንም ሰማነው።