ሳትፈትን አታስነሳ

አንጓች ስትለቅ ምንም አላለችም፤
ወንበሯን ገፋ አረገች፣ ደህና ሁኑም የለም።
ደባርቅ ወጥታ ንብ ታረባለች አሉ፣
በቀፎዋ ቁጥር ግን አይስማሙም ሁሉ።
ለኔ የተረፈኝ፣ ከመሳቢያው ግርጌ፣
ከስታቢላይዘሩ ጀርባ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ጠርዙ የተበላ ባለ መስመር ደብተር፣
ሽፋኑ ላይ በቢክ «የዕለት መድኃኒት» ተብሎ።

አባቷ ደብተራ ነበሩ ይባላል፤
ለራስ ምታቱም፣ ለዓይነ ጥላውም አንዳንድ ገጽ ነበራቸው።
እሷም በዚያው ወግ፣ በቀይና በጥቁር፣
ሕመሙን በቀይ፣ ትእዛዙን በጥቁር፦

«ገጹ ነጭ ሆኖ ሲቀር»፣ «ፎቶው ሲከብድ»፣
«የአሮጌው አድራሻ እንግዳ ወደ አዲሱ እንዲሄድ»፣
«ዲስኩ ጢም ሲል፣ ማን በላው ለማለት»፣
«ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት
 ለሆነበት ሰው፦ ዩቲኤፍ ስምንት።»

«ፈቃዱን ሁሉ ክፈት፣ ሰባት ሰባት ሰባት በል፣ ይሉሃል።
 ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሞ
 ‹ቤቴ ክፍት ነው፣ ማንም የለም› ማለት ነው።»

«ግንቡ አሥራ ሁለት በር ነበረው ይላሉ፣
 ለየበሩ ዘበኛ፣ ለየበሩ ስም።
 ይኼ ሳጥን ስድሳ አምስት ሺህ በር አለው፣
 ትርፉን ሳልቆጥር።
 ሦስት ይበቃሃል። ሌላው አይከፈትም።»

«ሌሊት ሰባት ስንል እሱ ሃያ ሁለት ይላል።
 አትጣላው። ደምር።
 ጳጉሜን ግን ራስህ አስተምረው፣
 አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰማ ይደነብራል።»

*

የካቲት ነው። አራዳ ላይ መብራት ሄዶ መጥቷል፣
ከፎቁ ሥር የጎሚስታው ጄኔሬተር ግን ገና ያጓራል።
ሌሊት ሰባት። ስልክ። ከጭልጋ፣ ከአይከል፣
ቁጥሬን ከፋርማሲው በር ላይ የቀዳ ሰው፦
«አለባቸው እባላለሁ። ይቅርታ፣ ሰዓቱን አውቃለሁ።
የማራኪው ፋርማሲ ገጽ አልከፍት አለኝ።
የልጄ ኢንሱሊን ነገ ያልቃል።
ካለ ወደ ጎንደር፣ ከሌለ ወደ መተማ፤
ሁለቱም መኪና አሥር ሰዓት ይነሣል።»

ገለጥኩ። ገጽ ሠላሳ አራት፦ «ሰርተፍኬት ሲያረጅ።
 ዕድሜው ዘጠና ቀን ነው፤ ሲሞት አይጮህም።
 አዲሱን አውጣ፣ መንገዱን ጠቁም፣
 ሳትፈትን አታስነሳ።»
ይቺን የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አስምራባታለች፣
ወረቀቱ እስኪቀደድ።

ጻፍኩ እንደ ጻፈችው፣ ፊደል በፊደል።
ፈተንኩ። «መስመር አርባ አንድ፦ የማላውቀው ነገር አለ።»
ደግሜ ጻፍኩ። አርባ አንድ።
አርባ አንድን እንደ ዳዊት ደገምኩት፦
ቃሉ ልክ፣ መንገዱ ልክ፣ ቅንፉም ተዘግቷል።
ምን ጎደለ? ምንም። ምን ተረፈ?
ሰውየው በስልኩ ይተነፍሳል።

ያን ጊዜ አየሁት። ከመስመሩ ጫፍ ላይ፣
የኛው ድርብ ሰረዝ፣ ባለ ሁለት ነጥቡ፣
እንደ ቤተኛ ቆሟል።
እሷ በእጇ ስትጽፍ ለምዶባት የጣለችው፣
እኔ፣ እንቅልፍ ያናወዘኝ ታማኝ ደቀ መዝሙር፣
ኪቦርዴን ወደ አማርኛ አዙሬ የገለበጥኩት።
ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው አንዲት ነጥብና አንዲት ጭራ።

ቀየርኩ። ፈተንኩ። «ደህና ነው» አለ።
አስነሣሁ።

ከአይከል ዝምታ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ «ደግመህ ንካው፣ ንካው!»
ከዚያ፦ «ከፈተ። አለ ይላል። ሁለት ብልቃጥ።»
ትንሽ ቆየና፦ «ገጽህ አይዋሽም አይደል?»
«ትናንት ማታ የጻፉበትን ነው የሚናገር» አልኩት፣
«እኔ በሩን ብቻ ነው የከፈትኩት።»
«ይሁን፣ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋ።

ጄኔሬተሩ ጠፋ። ለካ ጆሮዬ ይጮህ ኖሯል።
ከገጽ ሠላሳ አራት ጎን፣ በእርሳስ፣
ከሦስቱ ስንጥቅ መስመሮች ከፍ አድርጌ፣
«አንጓች፣ የአርባ አንድን ጫፍ አርሜልሻለሁ፤»
ብዬ ጻፍኩና ቀና ስል
እኔም በዚያችው ምልክት ጨርሻለሁ።
ተውኩት።